የሰራፕታዋ መበለት ማዕድ



ነቢዩ ኤልያስ በጸሎቱ ሰማይን የዘጋ፥ በንጉሥ ፊት ሳይፈራ የቆመ፥ በመጨረሻም በእሳት ሠረገላ የተወሰደ ታላቅ ነቢይ መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። በጎጃም ምድር ስሙን የተሸከመች የታወቀች ደብር አለች፤ ደብረ ኤልያስ። ጥር 6 ቀን ዕርገቱ በሚታሰብበት ጊዜ ስለ እሳቱ ሠረገላ ብዙ ይነገራል። ስለ አንድ ነገር ግን እምብዛም አይነገርም፤ ይኸውም ይህ ታላቅ ነቢይ የሰው እጅ አይቶ የበላ መሆኑ ነው።

ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ተጽፎ ይገኛል። ዝናብ በጠፋበት ዘመን እግዚአብሔር ነቢዩን አስቀድሞ በኮራት ፈፋ አስቀመጠው፤ ቁራዎችም እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ነበር። ፈፋው በደረቀ ጊዜ ግን ወደ እስራኤል ባለጠጎች ቤት አልላከውም። ወደ ባዕድ አገር፥ በሲዶና ወዳለችው ወደ ሰራፕታ ላከው። ሲዶና የእግዚአብሔርን ነቢያት ታስገድል የነበረችው የንግሥት ኤልዛቤል አባት የነገሠባት አገር ናት። በዚያ እንድትመግበው የታዘዘችውም ባለጸጋ አልነበረችም። በማድጋዋ አንድ እፍኝ ዱቄት፥ በማሰሮዋ ጥቂት ዘይት ብቻ የቀራት መበለት ነበረች፤ የመጨረሻዋን እንጎቻ ከልጇ ጋር በልታ ሞትን ልትጠብቅ ሁለት እንጨት ስትለቅም ደረሰባት።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሰማይን የዘጋው አፍ ውኃ ለመነ። ሴቲቱ ውኃውን ልታመጣ ስትሄድም ጠርቶ ቁራሽ እንጀራ ጨምራ እንድታመጣለት ለመናት። ባዕድ ናት፤ ድኃ ናት፤ የእርሱን ሕግ አታውቅም። እርሱ ግን በቤቷ ተቀመጠ፤ የጋገረችውን በላ፤ አንድ ቀን ብቻም ሳይሆን ብዙ ቀን።

እንግዳ መቀበል በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው። መንገደኛ ሲመጣ የእግር ውኃ ይቀርብለታል፤ መደቡ ይነጠፍለታል፤ በቃኝ ቢል በሞቴ፥ አፈር ስሆን ይባላል፤ ለቤቱ ልጆች የተቀመጠው ሁሉ ለእርሱ ይወጣል። ይህ ከአባቶቻችን የተቀበልነው መልካም ምግባር ነው፤ ብዙ ጊዜም ስለ እርሱ ሰብከናል። ይሁን እንጂ በዚህ ምግባር ውስጥ አንድ ስውር ፈተና አለ። የሚያበላ ሰው በቤቱ ጌታ ነው። መቀመጫውን የሚያሳየው፥ ጉርሻውን የሚጠቀልለው፥ ምርቃቱን የሚቀበለው እርሱ ነው። ከሌላው እጅ የሚበላ ሰው ግን ጌትነቱን ደጅ ላይ አኑሮ ይገባል። ስለዚህም በመካከላችን ለመንደሩ ሁሉ ደግሶ ከአንድ ድኃ ቤት ግን ቁራሽ የማይቀምስ ሰው አለ።

ደብረ ኤልያስ ይህን ምሥጢር ከማንም በፊት ልታውቅ የሚገባት ቦታ ናት። ለዘመናት የቅኔ ተማሪዎች ከየአገሩ ወደ እርስዋ ይመጡ ነበርና። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ እርስዋ ናት። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ እየከላከለ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም ሲል፥ አንዷ ባልቴት ቁራሽ ስትሰጠው፥ ሌላዋ ጥሬ ስትዘግንለት ነው ሊቅ የሆነው። በኋላ ታላቅ መምህር ቢሆንም በሥጋው ውስጥ ያለው የማያውቃቸው እናቶች እንጀራ ነው። የእኅት ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን የትሕትና ትምህርት ከዜማውና ከቅኔው እኩል ይቆጥሩታል ብዬ አምናለሁ፤ እኛም ለካቴኪስቶቻችን ስልጠና ስናዘጋጅ ብናስበው መልካም በሆነ ነበር።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በደብረ ኤልያስ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናት ለአንድ ካቴኪስት ያቀረቡትና እርሱም ወደ እኔ ያመጣው ጥያቄ ነው። ልጃቸው በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ይሠራል። በላከላቸው ደብዳቤ፥ የሌሊት ሥራውን ሲጨርስ ቁርሱን የሚበላው በአንድ የቬትናም ቤተሰብ አነስተኛ ምግብ ቤት መሆኑን ይነግራቸዋል። አያቲቱ መረቁን ያበስላሉ፤ አባትየው ይከትፋል፤ እናትየው ታስተናግዳለች፤ ልጆቹ ከአንዱ ጠረጴዛ ጥግ የትምህርት ቤት ሥራቸውን ይሠራሉ። አያቲቱ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ እርሱም የእርሳቸውን ቋንቋ አያውቅም፤ ነገር ግን ፊቱ የደከመ መስሎ በታያቸው ቀን ቅጠላ ቅጠሉን ያበዙለታል። ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ደግሞ ፍራፍሬ የተቀመጠበት፥ ዕጣን የሚጤስበት ትንሽ መቅደስ መሰል ነገር አለ። እናቲቱም በዚህ ደነገጡ። «ልጄ የማን እጅ ነው የሚበላው?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በእኛ አገር የማን እጅ እንደሚበላ መጠየቅ የማን ወገን እንደሆነ መጠየቅ ነው። ስለዚህ አስቀድመን እነዚያ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ልንመለከት ይገባናል።

ቬትናም በእስያ ምሥራቃዊ ደቡብ፥ በባሕር ዳር የምትገኝ የሩዝ አገር ናት። ለብዙ ዓመታት ጦርነት ካደቀቃት በኋላ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1975 ዓ.ም. የደቡቡ ዋና ከተማ ሳይጎን ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች በትንንሽ ጀልባዎች ተሳፍረው ወደ ባሕር ወጡ። ብዙዎች ሰጠሙ፤ ብዙዎች በባሕር ወንበዴዎች እጅ ወደቁ። የተረፉትም በመጠለያ ካምፖች ከቆዩ በኋላ በአሜሪካ፥ በፈረንሳይ፥ በአውስትራሊያ፥ በካናዳ ተበተኑ። በዚያው ዘመን፥ በ1966 ዓ.ም. በአገራችን ከፈነዳው አብዮት በኋላ፥ የእኛም ወንድሞችና እኅቶች በሱዳን በኩል በእግራቸው ይሰደዱ ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ በአንድ ዘመን ስደተኞች ሆኑ።

ስደተኛ ዲግሪው አይታወቅለትም፤ ቋንቋው አይሰማለትም፤ መሬቱ ከእርሱ ጋር አይሄድም። አብሮት የሚሄደው እናቱ ያስተማረችው የወጥ አሠራር ነው። ስለዚህ በየሄዱበት አነስተኛ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ለቤተሰቡ ሥራ፥ ለጎረቤቱ ምግብ፥ ለናፍቆቱም መጽናኛ ሆነ። የእኛም ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ «ማማ ደስታ» የተባለው ምግብ ቤት ተከፍቶ አሜሪካኖች እጃቸውን ታጥበው እንጀራ መቍረስን ተለማመዱ። በዚያው ከተማ አቅራቢያ፥ በቨርጂኒያ ፎልስ ቸርች በተባለው ስፍራ፥ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. የቬትናም ስደተኞች የገበያ ማዕከል ተቋቋመ። ስሙ ኤደን ይባላል፤ በሳይጎን ይገኝ በነበረ የገበያ ስፍራ ስም የተጠራ ነው። ከገነት የተባረሩ ሰዎች ገበያቸውን ኤደን ብለው መጥራታቸው ሰባኪን ያሳስበዋል፤ ግን ስሙን የሰጡት እነርሱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ዛሬ በዚያ አካባቢ የኢትዮጵያውያንና የቬትናማውያን ሱቆች ተቀራርበው ይገኛሉ።

የሚያቀርቡት ምግብ ፎ ይባላል። የበሬ አጥንት ከምሽት ጀምሮ እስከ ንጋት በቀስታ ይቀቀላል፤ በእሳት የተለበለበ ዝንጅብልና ሽንኩርት፥ ቀረፋ፥ ቅርንፉድ፥ ኮከብ የሚመስል ሌላም ቅመም ይጨመርበታል። መረቁ በጠራ ጊዜ ከሩዝ ዱቄት በተሠራ ቀጭን ፓስታና በስሱ በተቆረጠ ሥጋ ላይ ይፈሳል። ከአጠገቡ ከበሶብላ የሚዛመድ ቅጠል፥ ቃሪያና ሎሚ ይቀርባል፤ ተመጋቢው እንደ ወደደ ይጨምራል። ለጎጃም እናት ዝንጅብሉም ቀረፋውም እንግዳ አይደሉም፤ መረቅን ሌሊቱን ሙሉ መጠበቅም እንዲሁ። የሚከብዳት ምናልባት የዓሣው ጨው ነው፤ ዓሣ በጨው ተቀምጦ ሲብላላ የሚወጣ ፈሳሽ ሲሆን ሽታው ኃይለኛ ነው። የእኛን ቅቤ ሽታ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚል ስናስብ ግን ዝም ማለት ይሻለናል።

አሁን ወደ መቅደስ መሰሉ ነገር እንመለስ፤ የእናቲቱ ጭንቀት በእርሱ ነውና። ቬትናማውያን በቤታቸው የሞቱ አባቶቻቸውንና እናቶቻቸውን የሚያስቡበት ሥፍራ ያዘጋጃሉ። በሙት ዓመት ቀን ምግብ አዘጋጅተው ዘመድ ይጠራሉ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ነገር ለረዥም ዘመን መርምራለች፤ በቻይና ሚሲዮኖች ዘንድ በተነሣው ክርክር ምክንያት ለብዙ ዘመን ከልክላውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ዓ.ም. በር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ ዘመን ግን ለወላጆችና ለአያቶች የሚሰጠው እንዲህ ያለው ክብር የጣዖት አምልኮ ሳይሆን የልጅነት አክብሮት ሆኖ ሊፈጸም እንደሚችል ለቻይና ተፈቀደ፤ ይኸው ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ለቬትናም ደረሰ። በምግብ ቤቶች የሚታየው ሁሉ ግን የአባቶች መታሰቢያ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ለቤቱ ጠባቂና ለሀብት ይሰጣሉ ለሚባሉ መናፍስት የሚቆም ነው፤ ይህን ክርስቲያን አያከብርም፤ ዕጣንም አያጤስበትም። እንዲሁም እኛ ስለ ሙታን እንጸልያለን፥ ሙታንን ግን አንመግብም። ይህ ልዩነት ሊዘነጋ አይገባም። ነገር ግን በአርባውና በሙት ዓመቱ ተዝካር የምናወጣ ሰዎች፥ በሞቱት ስም ድኃ የምናበላ ሰዎች፥ የሌላውን የሐዘን ማዕድ ስናይ ለመፍረድ መቸኮል አይገባንም።

ስለ መብላቱም ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ለነበሩት ክርስቲያኖች መልስ ሰጥቷል (1ቆሮ. 10፥25-29)። በገበያ የሚሸጠውን ሳይመረምሩ እንዲበሉ፥ ያላመነ ሰው ቢጠራቸውና ሊሄዱ ቢወዱ የቀረበላቸውን ሁሉ እንዲበሉ ፈቀደላቸው። አንድ ሰው ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው ብሎ ቢነግራቸው ግን ስለ ነገራቸው ሰው ኅሊና ሲሉ እንዲተዉት አዘዘ። እንግዲህ ለእናቲቱ የምንሰጠው መልስ ግልጽ ነው። ልጃቸው የገዛው መረቅ መረቅ ነው፤ ይብላ። ፍራፍሬውን ከመሠዊያው አንሥተው ይህ የተሠዋ ነው ብለው ቢሰጡት ግን በትሕትና አመስግኖ ይተወው። አማትቦ ይብላ፤ የሚያማትብ ሰው ማየት ለእነርሱም መልካም ነው።

ስለ ጾም ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ረቡዕና ዓርብ እንዴት ይሆናል ለሚል፥ በቬትናም የቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች በየወሩ በጨረቃ አቆጣጠር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ከሥጋ ይከለከላሉ፤ ሥጋና ዓሣ የሌለበት ምግባቸውም ቻይ ይባላል። ስለዚህ በብዙ የቬትናም ምግብ ቤት ቻይ ብሎ ማዘዝ በእኛ ዘንድ የጾም ብሎ እንደ ማዘዝ ነው። ልጁ ይህን ሳያውቅ አይቀርም፤ እናቱ ግን ቢያውቁት ይደሰታሉ።

ደግሞም የዚያ ቤት ሰዎች የእምነት ወንድሞቻችን ሊሆኑ እንደሚችሉ መዘንጋት የለብንም። በቬትናም ሚሊዮኖች ካቶሊካውያን አሉ፤ ከተሰደዱትም መካከል ብዙዎቹ ካቶሊካውያን ነበሩ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 1988 ዓ.ም. 117 የቬትናም ሰማዕታትን በአንድ ቀን ቅዱሳን ብለው አውጀዋል። ስለ አንድ የዚያች አገር ልጅ ግን ጥቂት ሰፋ አድርጌ ልናገር እወዳለሁ፤ ስለ ማዕድ የምናገረው ያለ እርሳቸው ሙሉ አይሆንምና።

ብፁዕ ካርዲናል ፍራንሷ ሐቭዬ ንጉየን ቫን ቱዋን እ.ኤ.አ. በ1928 ዓ.ም. ተወለዱ። ሳይጎን ልትወድቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የዚያች ከተማ ረዳት ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን በእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ተያዙ። 13 ዓመት ታሰሩ፤ ከእነዚህም ዘጠኙን ለብቻቸው ተዘግቶባቸው ነበር። በተያዙ ማግሥት የሚያስፈልጋቸውን ልብስና የጥርስ ሳሙና እንዲያስልኩ በተፈቀደላቸው ጊዜ የሆድ ሕመም መድኃኒት የሚሆን ጥቂት ወይን እንዲላክላቸው ጻፉ። ምዕመናኑ ምሥጢሩ ገባቸው። በላዩ የሆድ መድኃኒት ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ጠርሙስ ላኩ፤ ኅብስቱንም እርጥበት እንዳያበላሸው በባትሪ መብራት ውስጥ ደብቀው ሰደዱ። ከዚያ ወዲያ ሊቀ ጳጳሱ በመዳፋቸው ላይ ሦስት ጠብታ ወይንና አንድ ጠብታ ውኃ አድርገው ቅዳሴ ይቀድሱ ነበር። ጽዋቸው እጃቸው ነበር፤ መንበራቸውም እጃቸው ነበር። ሌሊት በካምፑ ውስጥ ካቶሊካውያን እስረኞች በጨለማ ይቀርቡና ይቆርቡ ነበር። ለሌሎቹም የሲጋራ ወረቀት በሚያጠቃልሉበት ስስ ወረቀት ቅዱስ ቁርባንን ጠቅልለው ያደርሱላቸው ነበር።

እዚህ ላይ ታላቁ ነገር የእርሳቸው ጽናት ብቻ አይደለም። እርሳቸውም እንደ ኤልያስ የሰው እጅ አዩ። ያን ትንሽ ጠርሙስ ያዘጋጀው ስሙ ያልተነገረለት ምዕመን ባይኖር በመዳፋቸው ላይ ምንም ባልኖረ ነበር። ጠባቂዎቻቸውንም በጊዜ ብዛት ወዳጅ አደረጓቸው፤ ቋንቋ አስተማሯቸው፤ ከእነርሱም አንዱ እያወቀ ከእንጨት መስቀል፥ ከኤሌክትሪክ ሽቦም የመስቀል ሰንሰለት እንዲሠሩ ፈቀደላቸው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1988 ዓ.ም. ተፈቱ፤ በኋላም ከአገራቸው ርቀው በሮም ተቀመጡ። በ2001 ዓ.ም. ካርዲናል ሆኑ፤ በ2002 ዓ.ም. ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. የምግባራቸውን ጽናት መስክራ ለብፅዕና በሚያደርሰው መንገድ ላይ አኑራቸዋለች። በየአገሩ ስንት የቬትናም ቤተሰብ በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅሎ እንደሚሠራ ማን ይቈጥረዋል!

የተወደዳችሁ ካቴኪስቶች ሆይ፤ ጌታችን ሰባ ሁለቱን ሲልክ የሰጣቸውን ትእዛዝ ቅደም ተከተሉን አስተውላችሁ አንብቡት (ሉቃ. 10፥4-9)። ቦርሳ እንዳይዙ፥ ከረጢት እንዳይሸከሙ አዘዘ። ከዚያም በገቡበት ቤት የቀረበላቸውን እንዲበሉ ነገራቸው፤ ድውያንን መፈወስ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ የእግዚአብሔር መንግሥት መቅረብዋን መናገርም ከዚያ በኋላ ነው። መብላት ከመስበክ በፊት ተጽፏል። ቦርሳ ያልያዘ ሰባኪ በግድ የሚሰብክለትን ሰው እንጀራ ይጠብቃል። ይህን ያወቁ አባቶች ነበሩን። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓ.ም. ከጣሊያን ወደ አገራችን ሲመጡ የአገሩን ቋንቋ፥ የአገሩን ልብስ፥ የአገሩንም ገበታ ተቀበሉ፤ የእኛው የጎጃም ልጅ፥ በመርጡለ ማርያም አጠገብ የተወለዱት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም እርሳቸውን የተማረኩት በመጽሐፍ ክርክር ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. ወደ ግብጽና ወደ ሮም በተደረገው ረዥም መንገድ አብረው ተጉዘው ሰውየውን በኑሮው አይተውት ነበር።

እስካሁን ስለ ሩቅ አገር ተናገርን። በደብረ ኤልያስም ሆነ በደብረ ማርቆስ መንገድ ዳር ግን የሰራፕታዋ መበለት ቤት አለ። ባልዋ የሞተባት ወይም ብቻዋን የቀረች ሴት በሁለት አግዳሚና በአንድ ምድጃ ሽሮና ሻይ ትሸጣለች። ልጅቷ ውኃ ትቀዳለች፤ ወንዱ ልጅ እንጨት ይፈልጣል፤ በገበያ ቀን ሁለቱም ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። እኛስ በዚያ ቤት እንዴት እንቀመጣለን? አስተናጋጇን በስሟ የሚጠራ ስንቱ ነው? በፉጨት የሚጠራት፥ ወጡ ቀጠነ ብሎ በእንግዳ ፊት የሚያዋርዳት፥ ልጅ እግር መሆኗን አይቶ አፉን የሚያበላሽስ ስንቱ ነው? ቤቱ ምግብ ቤት ስለ ሆነ፥ ገንዘብ ስለምንከፍል፥ እንግድነት የቀረ ይመስለናል። ገንዘብ ግን የእጇን ሥራ ይከፍላል እንጂ እርስዋን አይገዛም።

ስለ ክፍያም ዝም ብዬ አላልፍም። በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ውስጥ ማንም የማይሰብክለት አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የእንግዶች ማረፊያው ባለቤት ነው (ሉቃ. 10፥34-35)። ሳምራዊው ሁለት ዲናር ሰጠው፤ የቀረውን ስመለስ እከፍላለሁ አለው። ባለቤቱ የማያውቀውን ቁስለኛ፥ በማያምነው ሳምራዊ ቃል፥ በዱቤ ተቀበለ። ይህም ምሕረት ነው። በየመንገዱ ዳር ያሉት መበለቶች ደብተርም በእንዲህ ያሉ ስሞች የተሞላ ነው። የሚያሳዝነው ግን ሳምራዊው ተመልሶ ይከፍል እንደ ነበር ስናምን፥ በዚያ ደብተር ከተጻፉት ስሞች ብዙዎቹ ደሞዝ ያላቸው፥ አንዳንዶቹም በእሑድ ቅዳሴ ከፊት የሚቆሙ ሰዎች መሆናቸው ነው። ለእኛ ሦስት ቀን የዘገየ ሒሳብ ለእርስዋ የነገ ጤፍ ነው። ሦስት ሰው ቢዘገይባት ዱቄት ከማድጋዋ ያልቃል፤ በዚያ ጊዜ ነቢይ እስኪመጣ የምትጠብቅ አይምሰላችሁ፤ ምድጃዋን አጥፍታ ልጅቷን ወደ ከተማ ለሠራተኝነት ትልካለች። ስለዚህ ካቴኪስቶች ምዕመናንን ለምሥጢረ ንስሐ ስታዘጋጁ ከሌላው ጥያቄ ጋር ይህንንም ጠይቁ፦ የበላህበት ቤት ዕዳ አለብህ ወይ? ያለበት ሰው ከመናዘዙ በፊት ሄዶ ይክፈል፤ መክፈል ካልቻለም ሄዶ ቀን ይለምናት። መሸሽ ግን አይገባውም።

የሰራፕታው ታሪክ በማድጋው ዱቄት አላበቃም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመበለቲቱ ልጅ ታመመ፤ እስትንፋሱም ቀረ። እናቲቱም በምሬት ነቢዩን ወቀሰችው፤ ወደ ቤቴ የመጣኸው ኃጢአቴን ልታሳስብና ልጄን ልትገድል ነው ወይ በማለት ተናገረችው። ኤልያስም አልተቆጣም፤ ስለ ራሱም አልተከራከረም። የቤቷን እንጀራ በልቷልና የቤቷ ሐዘን የእርሱ ሆነ። ልጁን ከብብቷ ወስዶ እርሱ ወደሚያድርበት ሰገነት አወጣው፤ በገዛ አልጋውም ላይ አስተኛው። ወደ እግዚአብሔርም ጮኸ፤ በጩኸቱም ውስጥ በቤቷ ያስጠጋችኝ መበለት ብሎ ጠራት። በልጁም ላይ ሦስት ጊዜ ተዘረጋበት፤ የልጁም ነፍስ ተመለሰች። ነቢዩም ልጁን ይዞ ከሰገነቱ ወረደ፤ ለእናቱም ሰጣት።